ለደመና ስም ያወጣው መድኃኒት ቀማሚ

በኢትዮጵያ ክረምት ሲባል ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ወዲያው ትዝ ይሉናል። ካምፓላ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል፤ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመጣል፤ ሰኔና ሐምሌ ረገብ ይላሉ። ሆኖም በማናቸውም ወር ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ዶፍ ሊወርድ ስለሚችል፣ ቀን መቁጠሪያ ብቻውን አይበቃንም፤ ሰማዩንም ማንበብ አለብን። ለዘንድሮው መጽሔታችን የሉክ ሃዋርድን ታሪክ የመረጥነው ለዚህ ነው።

ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 1772 ለንደን ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነበር። በልጅነቱ በርፎርድ በምትባል ከተማ ተምሮ የላቲን ቋንቋ ዐወቀ። በ1783 ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለ፣ አይስላንድ ውስጥ ከፈነዳ እሳተ ገሞራ የወጣው ጭጋግ የአውሮፓን ሰማይ ሸፈነው። በዚያው ዓመት ኦገስት 18 ምሽት አንድ ትልቅ ተወርዋሪ ኮከብ የእንግሊዝን ሰማይ አቋርጦ አለፈ። ያ ዓመት ልጁን ሰማይ ተመልካች አደረገው።

ካደገ በኋላ ስቶክፖርት ከተማ ከአንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሙያ ተማረ፤ ከዚያም ለንደን ተመልሶ ዊልያም አለን ከሚባል ሰው ጋር በመድኃኒት ሥራ ተሰማራ። እንጀራው ይህ ነበር፤ ደመናን የሚከታተለው በትርፍ ጊዜው ነው።

በዚያ ዘመን ደመና ሁሉ የሚያውቀው የጋራ ስም አልነበረውም። አንዱ የበግ ጠጉር ይመስላል ሲል ሌላው ጭስ ይለዋል። ስለዚህ በአንድ አገር የታየው ደመና በሌላ አገር ከታየው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ላማርክ በ1802 በራሱ ቋንቋ ስሞች ቢያወጣም የተቀበለው አልነበረም።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሃዋርድ በለንደን ለአንድ ትንሽ የወዳጆች የሳይንስ ማኅበር ንግግር አደረገ። ስሞቹን ያወጣው በየአገሩ ያሉ ሊቃውንት በሚያውቁት በላቲን ነበር። ሲረስ ማለት የፀጉር ዘለላ ነው፤ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ቀጭንና ነጭ ደመና ነው። ኩሙለስ ክምር ማለት ነው፤ ከታች ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ላይ እንደ ጥጥ የሚከመረው ነው። ስትራተስ ንጣፍ ማለት ነው፤ ጠዋት ጠዋት የካምፓላን ኮረብቶች እንደ ጋቢ የሚሸፍነው ዓይነት ነው። ዝናብ የሚያወርደውን ኒምበስ አለው። ደመና ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው እንደሚለወጥ ስለተረዳም ስሞቹን እያጣመረ የመካከለኞቹን ስም አወጣ። ንግግሩ በ1803 ታትሞ ተሠራጨ።

ሃዋርድ በዚህ አላቆመም። ከ1806 ጀምሮ የሙቀቱን፣ የዝናቡንና የነፋሱን ልክ በየቀኑ ይመዘግብ ነበር። ከዚህ መዝገብ ተነሥቶ ስለ ለንደን አየር ጠባይ መጽሐፍ ጻፈ፤ የከተማ ሌሊት በዙሪያው ካለው ገጠር እንደሚሞቅም በቁጥር አሳየ። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ በሥራው ተማርኮ ግጥም ጻፈለት። በ1821 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። የባሪያ ንግድን የተቃወመና በጦርነት ለተጎዱ ጀርመናውያን እርዳታ ያሰባሰበ ሰውም ነበር። ማርች 21 ቀን 1864 በ91 ዓመቱ ዐረፈ። በ1896 የወጣው ዓለም አቀፍ የደመና አትላስ በእርሱ ስሞች ላይ ተመሥርቶ ደመናን በ10 ዓይነት ከፈለ።

ከእነዚህ አንዱ ኩሙሎኒምበስ ነው፤ ከሃዋርድ በኋላ ከሁለቱ ቃላቱ ተጣምሮ የተሰየመ። እኛ ከሁሉ በፊት ልናውቀው የሚገባን እርሱን ነው። ቀን ቀን የብሱ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ቀድሞ ይሞቃል። ከሐይቁ የሚነፍሰው እርጥብ አየር የብስ ላይ ደርሶ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱም ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ተለውጦ ደመና ይሆናል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ ማዕበሉ በሐይቁ ላይ ይነሣና ዓሣ አጥማጆችን ያሰጋል።

የዩጋንዳ ብሔራዊ ሜትሮሎጂ ባለሥልጣን የሚያወጣው የወቅት ትንበያ የመጪዎቹን ወራት አዝማሚያ ይነግረናል። የሚቀጥለውን አንድ ሰዓት ግን ከራሳችን በላይ ያለው ደመና ያመለክተናል። ኩሙለስ ወደ ላይ እየረዘመ፣ ሥሩ እየጠቆረ፣ አናቱም እንደ ጠረጴዛ እየተዘረጋ ከሄደ መብረቅ ሊከተል ይችላል። ነጎድጓድ ከተሰማ ኳሱን ትተን ከሜዳ እንውጣ፤ ማንጎ ዛፍ ሥር አንጠለል፤ ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ እንግባ። ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በ2011 በኪርያንዶንጎ ወረዳ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ በወደቀ መብረቅ ተማሪዎች ሞተዋል። ወላጆችና መምህራን የትምህርት ቤት ጣሪያ የመብረቅ መከላከያ እንዲኖረው ቢጠይቁ ተገቢ ነው።

ተማሪዎች ደግሞ አንድ ደብተር ይበቃናል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የደመናውን ስም እንጻፍ፤ ማታ ላይ ዘንቦ እንደሆነ እንጨምርበት። ሃዋርድም የሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ሳይሰለች ለብዙ ዓመታት መቀጠሉ ነው።