ያሬድ ንጉሡን የጠየቀው

ባለፈው የበረዶ ወራት በአረንጓዴው መስመር ባቡር ከሚኒያፖሊስ ሴንት ፖል ስመላለስ «ኦን ቢዪንግ» የተባለውን ፕሮግራም ማዳመጥ ለምጄ ነበር። ክሪስታ ቲፔት እዚሁ ሴንት ፖል፣ በሚኒሶታ ፐብሊክ ራዲዮ ሳለች የጀመረችው ነው። ስለ ሙዚቃ፣ ስለ መንፈሳዊ ሕይወትና ስለ ፍትሕ ከእንግዶቿ ጋር ረጋ ብላ ትነጋገራለች። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀው እንግዳው በልጅነቱ ምን ዓይነት መንፈሳዊ ሕይወት ውስጥ እንዳደገ ነው።

አንድ ቀን የኬሚስትሪ ፈተና ወድቄ ስመለስ ጥያቄው ለእኔ የቀረበ መሰለኝ። መልሴ ሩቅ አልነበረም። ገና ሳይነጋ እናቴ ቀስቅሳኝ የሰማሁት ማኅሌት፣ ጸናጽሉና ከበሮው፣ ከዚያም የዚያ ዜማ ባለቤት ቅዱስ ያሬድ ነው። ታሪኩን ብዙዎቻችን በሰንበት ትምህርት ቤት ሰምተነዋል። እኔ ግን መጨረሻውን ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ያሬድ፣ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት፣ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ በማጣቱ እናቱ ለዘመዷ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርት ግን አልገባው አለ። መዝሙረ ዳዊት ሳይዘልቀው ዓመታት አለፉ፤ ጓደኞቹ ሳቁበት፣ መምህሩም ገረፈው። ቢመረው ጠፍቶ ሄደ። ማይ ኪራሕ በተባለ ቦታ ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንድ ትል ፍሬ ለመብላት ግንዱን ሲወጣ አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ወደቀ፤ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰ። ያሬድም ተመልሶ መምህሩን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱን በአጭር ጊዜ አጠና፤ ዲያቆንም ሆነ።

ዜማውን ከሦስት ወፎች እንደተማረ ይነገራል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ ስልቶች የእርሱ ናቸው። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕትም በስሙ ይጠራሉ። ዛሬ የምናያቸው የዜማ ምልክቶች ግን በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተሠሩ ናቸው። ከዚያ በፊት ያን ሁሉ ዜማ ያቆየው የመምህርና የተማሪ ቃል ብቻ ነበር። ተማሪዎቹም አብዛኞቹ ቁራሽ እየለመኑ የተማሩ ነበሩ።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ቢፈስም ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም አላወቁም። ንጉሡ ሲያይ ደነገጠና ስለ ደሙ ካሣ የፈለገውን እንዲጠይቅ ነገረው። ያሬድ አስቀድሞ እንዳይከለክለው አስማለው። ከዚያ ወርቅም ርስትም ሳይሆን ከቤተ መንግሥት ርቆ በምናኔ እንዲኖር እንዲያሰናብተው ለመነው። ንጉሡ እጅግ አዘነ፤ ስለ መሐላው ግን ለቀቀው። ያሬድ በጽዮን ፊት አንቀጸ ብርሃንን ካደረሰ በኋላ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣ፤ እዚያም እያስተማረ ኖሮ ግንቦት 11 ቀን አረፈ። ተሰወረ የሚሉም አሉ።

ትሉ ጽናትን ያስተምራል ይባላል፤ እውነት ነው። እኔን የያዘኝ ግን ጦሩ ነው። ኃይል ያለው ሰው ሳያውቅ ወጋ። ሲያውቅ ግን ጥፋቱን አልካደም፤ ካሣውንም ራሱ አልመረጠም፤ የተወጋውን ጠየቀ። መልሱ የሚወደውን ዘማሪ የሚያሳጣው ሆኖ እንኳ ቃሉን ጠበቀ። ደብረ ሰላም መድኃኔ ዓለም ያለው በዚሁ ሚኒያፖሊስ ነው፤ በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ የተገደለበት የ38ኛውና የቺካጎ ጎዳናዎች መገናኛም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሰዉ ዛሬም አበባ ይዞ ወደዚያ ይሄዳል። እዚያ በቆምኩ ቁጥር የተጎዱት ምን እንደሚፈልጉ ማን ጠየቃቸው፣ መልሳቸውንስ ማን ፈጸመላቸው እላለሁ።

ኬሚስትሪውን ደግሜ እየወሰድኩ ነው። ግንቦት 11 በፈረንጆቹ ሜይ 19 ይውላል፤ ፈተና አልፎ የምንተነፍስበት ሰሞን ነው። በዚያች ሌሊት ማኅሌት ለመቆም አስባለሁ። የምትችሉ ኑ፤ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን የልጅነታችሁን ታወሩኛላችሁ።