ጊዶ ፋንኮኒ፦ በሦስት ወንድማማቾች ደም ውስጥ የቤተሰብ ሕመም ያየው ሐኪም

በእኛ ዘንድ ልጅ ከመዳሩ በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቆጥራል። እኔ እዚሁ አገር ተወልጄ ስላደግሁ፣ ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሆነ ልጅ እያለሁ አይገባኝም ነበር። የአንድ የስዊዘርላንድ ሐኪም ታሪክ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ።

ጊዶ ፋንኮኒ በ1892 በስዊዘርላንድ ተራሮች መካከል፣ ጣልያንኛ በሚነገርባት ፖስኪያቮ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በ1920 ዙሪክ በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በ1929 የሆስፒታሉ ኃላፊና የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሆነ፤ እስከ 1962 ድረስም በዚያው ቆየ።

ስሙን ያስጠራው ግን በ1927 የጻፈው ጽሑፍ ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሦስት ትንንሽ ወንድማማቾች ደማቸው አልቆ ነበር። ቀይ የደም ሕዋሳቸው ብቻ ሳይሆን ነጩም፣ ደም የሚያረጋውም አንሷል። ቁመታቸው አጭር፣ ቆዳቸውም ጠቆር ያለ ነበር። ፋንኮኒ ይሄ በቤተሰብ የሚወርድ ሕመም መሆኑን አስተዋለና መዝግቦ አስቀመጠው። ዛሬ ሕመሙ በእሱ ስም የፋንኮኒ ደም ማነስ ይባላል።

ምክንያቱ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። በ1964 ጀርመን አገር ያሉ ተመራማሪዎች የእነዚህ ልጆች ክሮሞዞም እንደሚሰባበር አዩ። ፋንኮኒም ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1967 ስለዚሁ ሕመም እንደገና ጻፈ። በ1979 ዙሪክ ውስጥ ሲሞት ግን የተበላሸው ዘረ መል ገና አልተገኘም ነበር። የመጀመሪያው የተገኘው በ1992 ሲሆን፣ ዛሬ ከሃያ በላይ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ሁለት ክር ተጣምሮ እንደተገመደ ፈትል ነው። አንዳንዴ ሁለቱ ክሮች ይጣበቃሉ፤ ሕዋሱም መባዛት ሲፈልግ ክሮቹ አልላቀቅ ይላሉ። ጤነኛ ሰው የተጣበቀውን ቆርጦ መልሶ የሚቀጥል መጠገኛ አለው። ፋንኮኒ ያለበት ልጅ ይሄ መጠገኛ የለውም። ስለዚህ መቅኒው ይደክማል፤ ስህተቱም ሲጠራቀም የደም ካንሰር ይመጣል። አደጋው ከሌላው ሰው በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል።

አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚታመመው የተበላሸውን ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። ወላጆቹ ጤነኞች ናቸው፤ ተሸካሚ መሆናቸውንም አያውቁም። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በየእርግዝናው ከአራት አንድ ዕድል አለ። ከአሽከናዚ አይሁድ ከ90 ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው፤ ከሞሮኮ በመጡት ዘንድም ይታወቃል። የቅርብ ዘመዳሞች ሲጋቡ ደግሞ ያው የተደበቀ ጉድለት ከሁለቱም ወገን የመገናኘት ዕድሉ ይጨምራል። የአባቶቻችን ሰባት ቤት ይህንን ነው የሚያርቀው፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

ዛሬ ለደሙ መድኃኒቱ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ነው። በ1988 ፓሪስ ውስጥ ፋንኮኒ የነበረበት ልጅ በእህቱ የእትብት ደም ተረፈ፤ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ነገር ግን ሐኪሙ ሕመሙን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። መጠገኛ የሌለው ሰውነት የተለመደውን ያህል የካንሰር መድኃኒትና ጨረር አይችልምና። መቅኒ የሚሰጥ ወንድም ወይም እህትም ቀድሞ መመርመር አለበት።

የልጅ ልጆቻችን ዛሬ ከየኤዳው ጋር እየተጋቡ ነው፤ ደስ ይላል። ኩፓት ሆሊም ሄደው ስለ ቤተሰብ ሕመም ሲጠየቁ ግን ብዙዎቻችን መልስ የለንም። መልሱ ያለው እናንተ ጋር ነው። በልጅነቱ ደም አንሶት የሞተ ወንድም፣ በካንሰር ያለፈች አክስት ካለ ንገሩን። ዘር ስትቆጥሩልን ሕመሙንም አብራችሁ ቁጠሩልን።