ከሕጉ የቀደመች ካሜራ

የፈረሰ ቤት ችሎት ቀርቦ ስለራሱ ሊመሰክር አይችልም። ምስክር የሚሆንለት ሳይፈርስ አይቶት፣ ያየውንም በማስረጃ ያስቀመጠ ሰው ነው። ለኒውዮርክ ከተማ ይህን ውለታ ከዋሉላት ሰዎች መካከል አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ቤረኒስ አቦት ትጠቀሳለች።

አቦት እ.ኤ.አ. በ1898 በኦሃዮ ግዛት ተወለደች። በ1921 ቅርፃ ቅርፅ ልትማር ወደ ፓሪስ አቀናች። ከፎቶግራፍ ጋር ያስተዋወቃት ግን በ1923 በማን ሬይ ስቱዲዮ በረዳትነት መቀጠሯ ነው። ብዙም ሳትቆይ የራሷን ስቱዲዮ ከፍታ እንደ ጄምስ ጆይስ ያሉ ዝነኞችን ታነሳ ጀመር።

የሕይወቷን አቅጣጫ የለወጠው የአሮጌዋን ፓሪስ ጎዳናዎችና ሱቆች ለዓመታት ሲያነሳ የኖረው ኢዩዤን አትዤ ነው። በ1927 ሲሞት ሥራው ተበትኖ እንዳይቀር ሰጋች። በማግሥቱ ዓመት ከእጁ የቀሩትን በሺሕ የሚቆጠሩ ኔጌቲቮችና ፎቶግራፎች ገዝታ አዳነች።

በ1929 ለአጭር ጊዜ ብላ ኒውዮርክ ስትገባ፣ ትታት የሄደችው ከተማ ሌላ ሆና ጠበቀቻት። አሮጌው ይፈርሳል፣ በቦታው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ይነሳል። አትዤ ለፓሪስ ያደረገውን ለኒውዮርክ ለማድረግ ወስና የፓሪስ ኑሮዋን ተወች። ይሁን እንጂ ወዲያው የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ደጅ የጠናቻቸው ተቋማት ድጋፍ ስለነፈጓት በሳምንት አንድ ቀን ለዚሁ ሥራ እየመደበች ቀጠለች። በ1935 የፌዴራል መንግሥቱ የኪነ ጥበብ ፕሮጀክት ደመወዝና ረዳቶች ሰጣት።

የአሠራሯን ጥንቃቄ ታዋቂው የምሽት ፎቶግራፏ ያሳያል። በታኅሣሥ ወር፣ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ሰሞን፣ ጨለማው ወርዶ ሠራተኛው ግን መብራት አጥፍቶ ከቢሮ ሳይወጣ ያለችውን አጭር ጊዜ ጠበቀች። ከሕንፃ ላይ ሆና የካሜራዋን ዓይን ለ15 ደቂቃ ከፍታ አቆየች።

በ1939 ሥራዋ «ተለዋዋጯ ኒውዮርክ» በሚል ርዕስ፣ ከኤልዛቤት ማኮስላንድ ጽሑፍ ጋር በመጽሐፍ ታተመ። አሳታሚው ግን የሁለቱን ሐሳብ ለጎብኚዎች መምሪያ በሚመች መልኩ ቀየረው። ፎቶግራፎቹ ከዚያ በኋላ በከተማዋ ሙዚየም ተቀምጠው ቆዩ።

አቦት ካነሳቻቸው ሥፍራዎች አንዱ ግዙፉ የፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ ነበር። በ1963 መፍረስ ጀመረ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ከተማዋም በ1965 የቅርስ ሕንፃዎች ጥበቃ ሕግ አወጣች። ለጣቢያው ግን ሕጉ የደረሰው ከረፈደ ነው።

አቦት በ1991 በ93 ዓመቷ በሜይን ግዛት አረፈች። ሕግ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። እሷ ግን ከጉዳቱ በፊት ደርሳ ነበር። ፎቶግራፎቿ የፈረሰውን ባይመልሱም፣ ምን እንደፈረሰ እንዳይካድ አድርገዋል። ከተማው በዓይኑ ፊት ለሚለወጥ ሰው ሁሉ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።