የሳንቲም ጣጣ ዙፋን ያሳጣው መስፍን

የፖላንድ ብሔራዊ ባንክ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሪቱን የገንዘብ ታሪክ የሚዘክሩ የብር ሳንቲሞች ሲያወጣ ቆይቷል። ብር ስንል ማዕድኑን ነው። ከነዚህ አንዱ የተሠራው ለ3ኛው ሚዬሽኮ ሳንቲም መታሰቢያ ነው። እኛን የገረመን ግን፣ ይሄን ሰውዬ ከዙፋን ካወረዱት ነገሮች አንዱ ራሱ የሳንቲም ጉዳይ መሆኑ ነው።

ሚዬሽኮ የተወለደው በ1126 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። አባቱ 3ኛው ቦሌስዋቭ አገሪቱን ለልጆቹ አከፋፍሎ በ1138 ሞተ። ለሚዬሽኮ ምዕራቡ፣ እነ ፖዝናን ያሉበት ደረሰው። የበላዩ መስፍን የሚቀመጥባት ክራኮቭ ግን ለታላቅየው ነበረች፤ ወንድሞቹ ቀድመውት ሞቱና ተራው የደረሰው በ1173 ነው።

ገና እንደገባ ግብሩን አጠበቀ። ሳንቲሙንም ቶሎ ቶሎ ይቀይር ጀመር። አሠራሩን እንንገራችሁ። በእጃችሁ ያለው ሳንቲም ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም ይባላል። ወስዳችሁ በአዲስ ታስቀይራላችሁ፤ የሚመለስላችሁ ግን ወይ በቁጥር ያንሳል፣ ወይ ብሩ ይሳሳል። ትርፉ ለመስፍኑ ነው። ዘዴው የሱ ፈጠራ አይደለም፣ ያኔ በሌላውም አውሮፓ የተለመደ ነበር። እሱ አበዛው እንጂ።

የቆየው አራት ዓመት ገደማ ነው። በ1177 የክራኮቭ ጳጳስ ጌድኮና መኳንንቱ አምፀው ታናሽ ወንድሙን ካዚሚየሽን በቦታው አስቀመጡ። የበኩር ልጁ ኦዶን እንኳ ተነሳበት! ሚዬሽኮ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። በ1195 ሞዝጋቫ ላይ ሲዋጋ ሌላው ልጁ ቦሌስዋቭ ተገደለ፣ እሱም ቆሰለ። ከዚያ በኋላም ከካዚሚየሽ ሚስት ከሄሌና ጋር ተስማምቶ ክራኮቭ ተመለሰ። በ1202 ሲሞት ዕድሜው ከ70 አልፎ ነበር፤ ሽማግሌው ሚዬሽኮም ይሉታል።

ሳንቲሞቹስ? ብዙዎቹ ከወረቀት ብዙም የማይወፍሩ፣ በአንድ ጎን ብቻ የተመቱ የብር ቅጠሎች ናቸው። የሠሩለት አይሁዳውያን ስለነበሩ የብዙዎቹ ጽሑፍ በዕብራይስጥ ፊደል ነው። ከአንዳንዶቹ ላይ በዚያው ፊደል፣ ግን በፖላንድኛ፣ ሚዬሽኮ የፖላንድ ንጉሥ ተብሎ ይነበባል፤ ሰውዬው ዘውድ የሚባል ነገር ጭኖ አያውቅም። ሌሎቹ ላይ ደግሞ በረካ የሚል የዕብራይስጥ ቃል አለ። የኛው በረከት ዘመድ ነው።