አባ መላ በጭንቅ ዘመን

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መላ፣ የተገኙት ከጉራጌ ጋር አዋሳኝ ከሆነው ከጨቦ ነው። በልጅነታቸው ተማርከው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አደጉ። ፊታውራሪ ገበየሁ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ በወደቁ ጊዜ ማዕረጋቸውን ወረሱ፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ።

በ1906 ዓ.ም. መጨረሻ የዓለም ጦርነት ሲነሣ ኢትዮጵያ ገለልተኛ ነበረች። ዙሪያዋን የያዙት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ግን ስለ እርስዋ በ1899 ዓ.ም. ተዋውለው ነበር። ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን አዘነበሉ ተብሎ በመስከረም 1909 ዓ.ም. የሦስቱ መንግሥታት መልእክተኞች ተቃውሞ አቀረቡ። የምኒልክን አደራ መጠበቅና የምኒልክን አገር መጠበቅ ለአባ መላ ሁለት ነገር ሆኑ። መስከረም 17 ቀን ኢያሱን ከሻሩት መኳንንት ጋር ቆሙ። ንጉሥ ሚካኤል ስለ ልጃቸው ሲገሠግሡ በመልእክት እያዘናጉ ጦር አሰባስበው ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ድል አደረጉ።

በሰገሌ የፈሰሰው ደም የወገን ደም ነው፤ ዋጋው ከባድ ነበር። ሆኖም ኢትዮጵያ በማንም ላይ ጦርነት ሳታውጅ የዓለሙ ጦርነት አበቃ። አባ መላ በ1919 ዓ.ም. ሲያርፉ አገራቸውን ነፃ እንደ ሆነች ትተዋት ሄዱ።