ከባሪያ ገበያ እስከ ጵጵስና፤ የሳሙኤል አጃይ ክራውተር ታሪክ

ከአፍሪቃ ምድር ተይዘው በባርነት ከተሸጡት እጅግ ብዙ ልጆች መካከል ወደ ተወለዱበት አገር ለመመለስ የበቁት ጥቂቶች ናቸው። ከነዚሁ አንዱ ሳሙኤል አጃይ ክራውተር ነው። ትምህርት ለሰውና ለወገኑ የሚያደርገውን በእርሱ ሕይወት ስላየን ታሪኩን በአጭሩ ለመጻፍ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አጃይ በ1809 ገደማ ዛሬ ናይጄሪያ በምትባለው አገር፥ በዮሩባ ምድር፥ በኦሶጉን ከተማ ተወለደ። በ1821 ባሪያ ፈንጋዮች ከተማዋን ወርረው አቃጠሏት፤ እርሱንም ከእናቱና ከእኅቶቹ ጋር ማርከው ወሰዱት። ከዚያም ከእናቱ ለይተው ከእጅ ወደ እጅ ሸጡት፤ አንድ ጊዜም በፈረስ ተለወጠ። በመጨረሻ የፖርቱጋል ነጋዴዎች ገዝተው በሌጎስ ከመርከብ ላይ ጫኑት። ነገር ግን በ1822 የባሪያ ንግድን ለማስቆም ባሕሩን ይጠብቁ የነበሩት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያችን መርከብ ያዟት፤ አጃይም ሴራ ሊዮን ውስጥ በፍሪታውን ነጻ ወጣ።

በዚያም ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ በስድስት ወር ማንበብ ቻለ። በ1825 ተጠምቆ ሳሙኤል ክራውተር ተባለ። በ1827 የፉራ ቤይ ኮሌጅ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ፤ ኋላም በዚያው አስተማረ።

በ1843 ለንደን ላይ ቅስና ተቀበሉና ወደ ወገኖቻቸው ተመለሱ። በ1846 በአቤኦኩታ ከተማ ሳሉ፥ ከተለዩዋቸው 25 ዓመት የሆናቸውን እናታቸውን አገኙ። እናትና ልጅ ለጊዜው መናገር ተስኗቸው እየተያዩ ዝም አሉ። እናታቸውም በ1848 ተጠምቀው ሐና ተባሉ።

ክራውተር የተማሩት በእንግሊዝኛ ቢሆንም የእናታቸውን ቋንቋ አልናቁም። የዮሩባን መዝገበ ቃላትና ሰዋስው አዘጋጁ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ከረዳቶቻቸው ጋር ወደ ዮሩባ ተረጐሙ። ለኢቦና ለኑፔ ቋንቋዎችም የንባብ መጀመሪያ መጻሕፍት ጻፉ። በ1864 በካንተርበሪ ጵጵስና ተሾሙ፤ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ከአፍሪቃውያን የመጀመሪያው ጳጳስ እርሳቸው ናቸው። በኒጀር ወንዝ አካባቢም ከአፍሪቃውያን ሠራተኞች ጋር ብዙ ዓመት ደከሙ።

በእርጅናቸው ግን ኀዘን ደረሰባቸው። በ1890 ከኤውሮፓ የመጡ ወጣት ሚሲዮናውያን ረዳቶቻቸውን ከሰሱ፤ ሥልጣናቸውንም ነጠቋቸው። ሽማግሌው ታኅሣሥ መጨረሻ፥ በ1891፥ በሌጎስ ዐረፉ፤ በቦታቸውም ኤውሮፓዊ ተሾመ። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ስለዚህ በደል በይፋ ይቅርታ የጠየቁት ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በ2014 ነው።

እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለሆንን ይህን የመጨረሻውን ክፍል ሸፍነን ልናልፈው አልወደድንም። ያስተማሯቸው ሰዎች መልካም ሥራ ሠርተዋል፤ ያን ሥራ ያጐደለው የተማረውን ሰው አለማመን ነው። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። ለተማሪ የሚገባው የተቀበለውን ዕውቀት በወገኑ ቋንቋ ለወገኑ መመለስ ነው፤ ለአስተማሪም የሚገባው ያስተማረውን ሰው አምኖ ኀላፊነቱን ማስረከብ ነው። ነገ አስተማሪዎች የምንሆን ብዙዎች ነንና ሁለተኛውንም ከአሁኑ በልባችን እንያዘው።