ቄስ ቦደልሽቪንግ፤ የመጻተኞችና የሥራ ፈላጊዎች ወዳጅ

ለተራበ ሰው እንጀራ መስጠት መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የተራበው ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ እንጀራውን እንዲያገኝ መርዳት ከዚያ ይበልጣል። የተሰጠው እንጀራ በአንድ ቀን ያልቃልና፤ ሠርቶ የመብላት ክብር ግን ለብዙ ዘመን ይኖራል። ይህን ነገር በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ፍሪድሪክ ፎን ቦደልሽቪንግ የሚባለው የጀርመን አገር ቄስ ነው።

ቦደልሽቪንግ በ1831 ዓመተ ምሕረት በጀርመን አገር በዌስትፋልያ አውራጃ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ በፕሩስያ ንጉሥ ዘንድ የተከበረ ሚኒስትር ነበረ። ስለዚህ ልጁ በበርሊን ከተማ ከመሳፍንት ልጆች ጋራ አደገ፤ ኋላ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ከሆነው ከልዑል ፍሪድሪክ ጋራም ይጫወት ነበረ። እንደዚህ ያለ ልጅ ሹመትና ሀብት ቢመኝ አያስደንቅም ነበረ። እርሱ ግን የእርሻ ሥራ ተማረ፤ በጎለመሰም ጊዜ ግራመንዝ በሚባል ስፍራ የአንድ ትልቅ ርስት አስተዳዳሪ ሆነ።

በዚያም የእርሻ ሠራተኞችን ኑሮ በቅርብ አየ። ብዙዎቹ ድኾች ነበሩ፤ ያገኙትንም ጥቂት ገንዘብ በመጠጥ ይጨርሱ ነበረ። እርሱም ስለ ወንጌል መልእክተኞች የሚናገሩ ትንንሽ መጻሕፍት ለልጆቻቸው ያድል ነበረ። አንድ እሑድ ቀን ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱን ራሱ አነበበ። መጽሐፉ የአንድ ድኻ የቻይና ልጅ ታሪክ ነበረ። ባነበበውም ጊዜ ልቡ ተነካ፤ የርስቱን ሥራ ትቶ ወንጌልን ወደ ሩቅ አገር ሊያደርስ ቈረጠ። በ1854 ባዝል ወደምትባል ከተማ ሄዶ የሃይማኖት ትምህርት ጀመረ።

በ1858 ትምህርቱ ሲያልቅ ግን ወደ እስያ አልሄደም። በፈረንሳይ ዋና ከተማ በፓሪስ የሚኖሩ ድኾች ጀርመናውያን እረኛ እንዳጡ ስለ ሰማ ወደ እነርሱ ሄደ።

በዚያን ዘመን ብዙ ጀርመናውያን መሬት ጠቧቸው እንጀራ ፍለጋ ወደ ፓሪስ ተሰደው ነበረ። ከሔሰን አገር የመጡት ብዙዎቹ የመንገድ ጠራጊዎች ነበሩ። ገና ሳይነጋ መጥረጊያቸውን ይዘው ይወጡና የታላቂቱን ከተማ መንገድ ይጠርጉ ነበረ። ሌሎቹም ከጥራጊ ክምር ውስጥ ጨርቅ እየለቀሙ ይሸጡ ነበረ። የከተማው ሰው በጸዳው መንገድ በየቀኑ ሲመላለስ የጠረጉትን ሰዎች ስማቸውን አያውቅም ነበረ። ልጆቻቸውም የፈረንሳይን ቋንቋ በደንብ ስላላወቁ፤ በራሳቸውም ቋንቋ የሚያስተምራቸው ስለሌለ፤ ያለ ትምህርት ይውሉ ነበረ።

ወጣቱ ቄስ ከሀብታሞች ቤት አልጀመረም። ጠራጊዎቹ ወደሚያድሩባቸው ጠባብ ቤቶች እየገባ ስማቸውንና አገራቸውን ጠየቀ፤ በሽተኞቻቸውን ጐበኘ፤ ሙታናቸውንም ቀበረ። ከዚህም በኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ጥቂት ልጆችን ሰበሰበና ራሱ ማንበብና መጻፍ ያስተምራቸው ጀመረ። ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ ክፍሊቱ ጠበበች። ስለዚህ ወደ ጀርመን አገር ደብዳቤ እየጻፈ፤ ራሱም እየዞረ ገንዘብ ለመነ። በተሰበሰበውም ገንዘብ ቪሌት በሚባለው በድኾች ሰፈር በአንድ ኮረብታ ላይ መሬት ተገዛ፤ በዚያም የትምህርት ቤትና የጸሎት ቤት ተሠራ። የመንገድ ጠራጊዎቹ እሑድ እሑድ ወደ ኮረብታው ሲወጡ እንደ ባዕድ ሳይሆን እንደ ቤተ ሰብ ይቀበሏቸው ነበረ።

በ1861 ኢዳ የምትባለውን ዘመዱን አገባ። ኢዳ ስለ ታመመች ግን በ1864 ፓሪስን ለቀው ወደ ጀርመን አገር ተመለሱ፤ ቦደልሽቪንግም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆነ።

በዚያም እጅግ ከባድ ኀዘን አገኘው። በ1869 በጥር ወር አራቱ ልጆቹ ሁሉ ታመው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞቱ። ብዙ ሰው እንደዚህ ያለ ኀዘን ሲደርስበት ልቡ ይደነድናል፤ በሩንም በሰው ላይ ይዘጋል። እርሱና ኢዳ ግን በራቸውን አልዘጉም። ከዚያ ቀን ወዲህ የሌላውን ሰው መከራ እንደ ራሳቸው መከራ ያዩት ጀመር። ኋላም እግዚአብሔር ሌሎች አራት ልጆች ሰጣቸው።

በ1872 ቦደልሽቪንግ በቢለፈልድ ከተማ አጠገብ ለነበረው የበሽተኞች ቤት አለቃ ሆነ። ይህ ቤት በ1867 የተከፈተ ሲሆን የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ነበረ። ስፍራውም ቤቴል ተባለ፤ ትርጓሜው የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ ሲሰደድ ራሱን በድንጋይ ላይ አድርጎ የተኛበት ስፍራ በዚህ ስም ይጠራል። በቤቴል ብዙ ወንዶችና ሴቶች በፈቃዳቸው ለአገልግሎት ገቡ፤ ሴቶቹ እኅቶች፤ ወንዶቹም ወንድሞች ይባሉ ነበረ። እነርሱም ሀብት ለመሰብሰብ ሳያስቡ በሽተኞቹን ያጥቡ፤ ያበሉ፤ ሥራም ያስተምሩ ነበረ። በቤቴል የሚኖረው በሽተኛ ሁሉ እንደ ዐቅሙ ይሠራ ነበረ። ቦደልሽቪንግ ሥራ የሌለው ሰው ከበሽታው ይልቅ በሥራ ፈትነቱ እንደሚጐዳ አይቶ ነበርና።

በዚያም ዘመን በጀርመን አገር ሌላ መከራ ተነሣ። በ1873 ንግድ ወደቀ፤ ብዙ ፋብሪካዎችም ሥራቸውን አቆሙ። እጅግ ብዙ ሰዎች ሥራ አጥተው ከከተማ ወደ ከተማ በእግራቸው ይንከራተቱ ጀመር። ገንዘባቸው ባለቀ ጊዜ በየደጃፉ ይለምኑ ነበረ። ሕጉ ደግሞ ልመናን ስለሚከለክል ለማኙ ተይዞ ይታሰር ነበረ። ከእስር ቤት በወጣም ጊዜ ልብሱ አርጅቶ፤ ስሙም ጠፍቶ ስለሚገኝ የሚቀጥረው ሰው አያገኝም። ሥራ ስለሌለው ይለምናል፤ ስለ ለመነ ይታሰራል፤ ስለ ታሰረ ሥራ ያጣል። እንደዚህ እየሆነ ብዙ ጐበዝ ሠራተኛ ጠፋ።

እነዚህ ሰዎች በቤቴልም ደጃፍ ይቆሙ ነበረ። ሳንቲም ቢሰጣቸው ብዙዎቹ ለመጠጥ ያደርጉታል፤ ባዶ እጃቸውን ቢሰዷቸውም ይራባሉ። ቦደልሽቪንግም ይህን አስቦ ሦስተኛ መንገድ አገኘ። ለመጣው ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ሥራ፤ ከሥራውም በኋላ ምግብ እንዲሰጠው አደረገ። ሰዎች ሁሉ ለማኞቹ ሰነፎች ናቸው ይሉ ነበረ። አካፋውና ዶማው በተሰጣቸው ጊዜ ግን ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ሠሩ። ሰነፍ የተባለው ሰው ሥራ ያጣ ሰው መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ሥራ ፈላጊዎቹ እየበዙ ስለ ሄዱ የቤቴል ሥራ አልበቃ አለ። ስለዚህ በ1882 ዜነ በሚባለው ጠፍ መሬት ላይ ለሥራ ፈላጊዎች መንደር ተከፈተ፤ ስሙም ዊልሄልምስዶርፍ ተባለ። በጀርመን አገር እንደዚህ ያለ የሠራተኞች ሰፈር ሲከፈት ይህ የመጀመሪያው ነበረ። በልጅነቱ ከእርሱ ጋራ የተጫወተው ልዑል ፍሪድሪክም ሥራውን ደገፈ።

መሬቱ አሸዋ ነበረ፤ ከአሸዋውም በታች እንደ ድንጋይ የጠነከረ ንብብር ስለ ነበረ ሥር ሊያልፈው አይችልም ነበረ። ሠራተኞቹም ይህን በጥልቅ ቆፍረው ሰበሩት፤ ያን ጊዜ ጠፉ መሬት እህል አበቀለ። ሰዎች የማይረቡ ናቸው ብለው የጣሏቸው እጆች፤ ሰዎች የማይረባ ነው ብለው የተዉትን መሬት አለሙት።

የመንደሩ ሥርዓት ይህ ነበረ። ማንም ተገዶ አይገባም፤ ማንም ተገዶ አይቆይም። ለገባው ሰው መኝታ፤ ምግብና ንጹሕ ልብስ ይሰጠው ነበረ። የልብሱም ዋጋ ከሥራው ደመወዝ እየተቀነሰ ይከፈላል፤ ስለዚህ ሰውዬው የለበሰው በምጽዋት ሳይሆን በድካሙ ነበረ። የሚያሰክር መጠጥ ፈጽሞ አይገባም ነበረ። ከቤቴል የመጡ ወንድሞች እንደ አባት ሆነው ቤቱን ይጠብቁ ነበረ። ጥቂት ወራትም ከቆየ በኋላ በውጭ ሥራ ይፈለግለታል፤ በጎ ምስክር የያዘ ወረቀትም ይዞ ይሄዳል። በእርግጥ ሁሉም አልተለወጡም። አንዳንዶቹ ወደ መጠጥ ተመለሱ፤ ክረምትም ሲመጣ በርደው እንደ ገና መጡ። እነርሱም ደግመው ተቀበሏቸው። ሌሎች አውራጃዎችም ይህን አይተው በየአገራቸው እንደዚሁ ያሉ መንደሮችን ከፈቱ።

ቦደልሽቪንግ ከሸመገለ በኋላም አላረፈም። በ1903 የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ሲሆን በፕሩስያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተመረጠ። ወደዚያ የገባበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም በመንገድ የሚንከራተቱት ሥራ ፈላጊዎች በሕግ እንዲታሰቡ ነው። እንደራሴዎቹን አንድ በአንድ እየጠየቀ በ1907 ሕጉ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት መንገደኛው በየጣቢያው ጥቂት ሠርቶ ማደሪያና ምግብ ያገኛል፤ ሥራም ይፈለግለታል። ነገር ግን ሕጉ አውራጃዎቹን ሁሉ የሚያስገድድ ስላልሆነ እርሱ እንደ ተመኘው በየስፍራው አልተፈጸመም። ሰው የደከመበት ነገር ሁሉ በዘመኑ ፍጹም አይሆንም።

በ1905 ደግሞ በበርሊን አጠገብ ሆፍኑንግስታል የሚባል ሰፈር ከፈተ፤ ትርጓሜው የተስፋ ሸለቆ ማለት ነው። በበርሊን ቤት የሌላቸው ሰዎች በትልልቅ አዳራሽ ውስጥ ተጨናንቀው ያድሩ ነበረ። በተስፋ ሸለቆ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ትንሽ ክፍል ተሰጠው። ብቻውን የሚጸልይበትና የሚያስብበት ስፍራ ያለው ሰው ራሱን ማክበር ይጀምራልና።

ቄስ ቦደልሽቪንግ በ1910 በቤቴል ሞተ። በፓሪስ ኮረብታ ላይ የሠራው የጸሎት ቤት ግን ሥራው ገና አላለቀም ነበረ። በታላቁ ጦርነት ዘመን የፈረንሳይ መንግሥት ቤቱን ወሰደው። በ1924 አገራቸውን ትተው የተሰደዱ ሩስያውያን ገዙት፤ የቅዱስ ሰርግዮስ ቤተ ክርስቲያንና የሃይማኖት ትምህርት ቤትም አደረጉት። ለጀርመን ስደተኞች የተሠራው ቤት ለሩስያ ስደተኞች መጠጊያ ሆነ።

ልጆች ሆይ፤ ቦደልሽቪንግ መጻተኛን ሊያገለግል ወደ ሩቅ አገር መሄድ ፈልጎ ነበረ፤ መጻተኛውን ግን መጥረጊያ ይዞ በመንገድ ዳር አገኘው። እናንተም ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ በትምህርት ቤታችሁ ብቻውን ቆሞ ብታዩ ስሙን ጠይቁት፤ በአጠገባችሁም አስቀምጡት። ሥራ ያጣ ሰው በደጃችሁ ቢቆም ሰነፍ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። የሚሠራውን ሥራ ሳይሰጡት የሰውን ስንፍና ማወቅ አይቻልምና።